ውሉ የት ጋ ነው?

ሞጣ ፍርድ ቤት በር፣ ከግራሯ ጥላ ሥር፣
ሽቦዋ በወጣ ጃንጥላ የምሰፍር፣
ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ፤ በገጽ ሠላሳ ብር።
ቅኔ ቆጥሬያለሁ በልጅነት ጊዜ፣
አሁን የምቆጥረው የሰው ነው ትካዜ።
ቤት መምታት ነው እንጂ ቤት መሥራት አልቻልኩም፤
ስንኜ ቤት ሲኖረው እኔ ቤት አላገኘሁም።

አንድ ማክሰኞ ጧት፣ ጭቃው ሳይደርቅ ገና፣
እንጉዳይ ልብስ ሰፊዋ ከተፍ አለችና፣
ሜትሯ ካንገቷ ላይ እንደተጠመጠመ፣
ትንፋሿ ከቃሏ እየተቀዳደመ፣
«መሪጌታ» አለችኝ እንደ ሁልጊዜ ልማዷ፣
(አይደለሁም ብላት አይገባም ከሆዷ)፣
«በሬን ወሰደብኝ!»
እኔም የገበሬ ልጅ፣ ጥማዱን አሰብኩኝ፤
«ከግጦሽ ነው ከጋጥ?» ስል ቱግ አለችብኝ፤
«የሚያርስ በሬ አይደለም፣ የሚዘጋ በሬ!
ማጠፊያውን ፈቶ ወሰደብኝ ዛሬ!

አቶ ቢያድግልኝ፣ የቤቱ ጌታ፣
ሺህ ብር ጨምሪ አለኝ ቅዳሜ ማታ፤
እምቢ ባልኩ ማግስት መብራቴን ቆለፈ፣
ሰኞ ቧንቧ ዘጋ፣ ዛሬ በር አቀፈ፤
እንደ ሙሽራ አቅፎ ወደ ጓዳው አለፈ።
ሲንጀሬን ማን ይጠብቅ? የሰው ልብስ አለብኝ፤
የሁለት ሙሽሮች ቬሎ ነው ያደረብኝ።»

«ውል አለሽ ወይ?» ስላት፣ «የቱን ውል?» አለችኝ።
(የተተበተበ ክር ስትፈታ ለምትኖር
ውል ማለት ጫፍ ነው፣ ሲስቡት የሚገኝ፤
ለኔ ደግሞ ፊርማ፣ ማኅተም፣ ምስክር።)
«የቤቱን ውል» አልኳት። ቀሚሷን ገለበጠች፣
በመቀሷ ጫፍ ገበሩን ተረተረች፤
እጥፍጥፍ ወረቀት፣ ላቧን የጠጣ፣
ከጨርቅና ከጨርቅ መሐል ወጣ።
«አባቴ በጣቱ ፈርሞ መሬት ያስለካ፣
'ልጄ ወረቀት ያዥ፣ ቃል ነፋስ ነው ለካ'
ይለኝ ነበር» አለች።

ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሦስተኛው ተራ ላይ፦
«ኪራይ አይጨመርም ሳይሞላ ዓመቱ፤
ልቀቂ ለማለት፣ ሁለት ወር ቀደም ብሎ
ይነገራት በጽሑፍ።» ያውና ፊርማው፣ ከነጅራቱ፣
እንደ ገበሬ ጅራፍ መስመር ላይ ተንጠልጥሎ።

«ታዲያ ቤቱ የሱ አይደል?»
«የሱ ነው እንጂ፤ ግድግዳው፣ ማገሩ፤
የከፈልሽበት ቀን ግን፣ ሌሊቱና በሩ፣
ውሉ እስኪያልቅ ያንቺ ነው።
የከፈልሽው ለቤት ነው፤ ለምሕረት አልከፈልሽም፣
ሲስቅ የምትገቢ፣ ሲቆጣ የምትወጪ አይደለሽም።»

ጻፍኩላት፤ ሁለት ገጽ። ሒሳቤን ስትከፍል
ጃንጥላዬን ወስዳ ሰፋችው በሰማያዊ ክር።

ሐሙስ ዕለት ዳኛዋ ወረቀቱን አየችው፣
ሁለት ጊዜ አንብባ፣ «በሩ የት ነው?» አለችው።
«ላሳድሰው ነበር።»
«ሳይነቀል ነው የታመመ፣ ወይስ ሲነቀል?»
ችሎቱ ሳቀ፤ ቢያድግልኝ ቆቡን ያሻሻል።

ዓርብ በሩ ተመለሰ፣ በባለቤቱ ትከሻ፤
እልኹ ይሁን ችኮላው፣ ገጠመው በግልምቢጥ፣
አሁን ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው፣ ሲጢጥ።
ሰላም አይላትም። ውሉ መስከረም ያልቃል፤
ከዚያ በኋላ ያለውን እግዜር ያውቃል።

ያን ዕለት ማታ እኔም ወደ ክፍሌ ገባሁ፤
የእትዬ ዝማም ጓሮ፣ ስድስት ዓመት የተኛሁ፣
በቃል፣ በ«አይዞህ»፣ በ«ያንተ ነው ልጄ»።
የስንቱን ውል ጽፌ ባዶ ነው የኔ እጄ።
ኩራዙን አቀረብኩ፤ ንጹሕ ገጽ ዘረጋሁ፤
«አከራይ» ብዬ ጻፍኩ፣ ነጥብ ላይ ቆም አልኩ።
ቢከፋቸውስ? ቀለቤ ካሳቸው ማዕድ ነው፤
ከልጃቸው ለይተው አያውቁኝ፤
ቀላል ነው የሰው ሲሆን።

ወረቀቱን አጥፌ ግቢውን ተሻገርኩ።
ቤት መምታት ነው እንጂ ሌላ አላውቅ አላልኩም?
በራቸውን መታሁ።